በሊኑክስ ላይ ነፃ የኦርኬስትራ ሳምፕል፦ ለ8 ጊጋ ላፕቶፕ የቱ ይሻላል?

የጣናው ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለቴአትር ክበባችን ሙዚቃ እያዘጋጀሁ ነው። ዜማው በትዝታ ቅኝት ነው፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ከሥሩ ቫዮሊንና ቼሎ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ፍሬንች ሆርን ልጨምርበት ፈልጌያለሁ። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፤ 8 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ኡቡንቱ 24.04። ትንሽዬ ሚዲ ኪቦርድ አለችኝ። አርዱር (የመቅጃና የማቀናበሪያ ፕሮግራም) ላይ ክራርና ድምፅ ስቀዳ ቆይቻለሁ፤ በሱ በኩል ችግር የለብኝም።

ያስቸገረኝ ኦርኬስትራው ነው። ሳምፕል ስል ከእውነተኛ መሣሪያ ኖታ በኖታ የተቀዳ ድምፅ ማለቴ ነው። ዩቲዩብ ላይ «ምርጥ ነፃ የኦርኬስትራ ላይብረሪዎች» የሚለው ቪዲዮ ሁሉ ወይ ኮንታክት (የሚሸጥ የሳምፕል ማጫወቻ) ይጠይቃል፣ ወይ ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ ነው። እስካሁን የምጠቀመው ፍሉይድሲንዝን (የሚዲ ኖታን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም) ከጄኔራል ሚዲ ሳውንድፎንት (የድምፆች ስብስብ ፋይል) ጋር ነው። ቫዮሊኑ እንደ ድሮ ሞባይል ጥሪ ነው የሚጮኸው።

ዳታ ውድ ነው። አውርጄ፣ ሞክሬ፣ አይሆንም ብዬ የምሰርዘው ነገር አልፈልግም። አንድ ብቻ አውርድ ብትባሉ የቱን ታወርዳላችሁ?

ጎራ በል፦
ዊንዶውስ ጫንና ተገላገል።

ደቂቅ ኮደር፦
@ጎራ በል ዊንዶውስ ቢጭንስ ኮንታክትን ማን ሊገዛለት ነው? ልጁ የጠየቀውን መልስለት።

ጋሽ ተርሚናል፦
ልጄ፣ አንድ ብቻ ካልክ ቨርቹዋል ፕሌይንግ ኦርኬስትራን አውርድ። ፖል ባተርስቢ የሚባል ሰው ነው ያሰናዳው። ሰውየው ራሱ ኦርኬስትራ አላስቀዳም። ሌሎች በነፃ የለቀቁትን ለቃቀመ። የማቲያስ ዌስትሉንድ ሶናቲና ሲምፎኒክ ኦርኬስትራ አለበት፣ የቨርሲሊያን ስቱዲዮስ ቪኤስሲኦ 2 ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን አለበት፣ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቅጂዎችም አሉበት። ከየአንዱ ደህና ደህናውን መርጦ፣ የድምፅ መጠናቸውን አስማምቶ በኤስኤፍዜድ አቀረበው።

ኤስኤፍዜድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ከፍተህ ታነበዋለህ። «ይህ የድምፅ ፋይል ከዚህ ቁልፍ እስከዚያ ቁልፍ ይሥራ፣ ቁልፉ በዚህ ጉልበት ሲመታ ደግሞ ያኛው ይተካ» ነው የሚለው። ሌላ ምስጢር የለውም። የሆነ ነገር ሲበላሽ ራስህ ገብተህ ታስተካክላለህ። እኔ ለሊኑክስ ሰው ከሁሉም በላይ የማየው ይህንን ነው።

ማጫወቻው ስፊዝ ይሁን። ክፍት ምንጭ ነው። በኤልቪ2ም በቪኤስቲ3ም አለ፣ ሁለቱም የፕለጊን (ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም) ዓይነቶች ናቸው፤ አርዱር ሁለቱንም ይቀበላል። ሊኑክስሳምፕለርም አለ፤ አንጋፋ ነው፤ የጊጋሳምፕለር (የድሮ የሳምፕል ማጫወቻ) ፋይል ሁሉ ያነባል። ነገር ግን ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ በንግድ ምርት ውስጥ እንዳይገባ የሚል ተጨማሪ አንቀጽ አለበት። በዚህ ምክንያት ደቢያን በዋናው ማከማቻው አያስገባውም፤ መጫኑም ትንሽ ያለፋሃል። ለአንተ ጉዳይ ስፊዝ ይበቃል።

ማውረጃው ሁለት ክፍል ነው። የድምፅ ፋይሎቹ ለብቻ፣ የኤስኤፍዜድ ስክሪፕቶቹ ለብቻ። ሁለቱንም አንድ ፎልደር ውስጥ ፍታቸው፤ ስክሪፕቶቹ ድምፆቹን የሚፈልጉት ከነሱ አንጻር ባለ ቦታ ነው። ስክሪፕቶቹ ስታንዳርድና ፐርፎርማንስ ተብለው ተከፍለዋል። በስታንዳርዱ ቁልፉን በኃይል ስትመታ ይጮኻል። በፐርፎርማንሱ ድምፁን ከፍና ዝቅ የምታደርገው በኪቦርድህ ሞድ ዊል (ጎኑ ላይ ባለው ተሽከርካሪ) ነው። ለቫዮሊንና ለቼሎ ፐርፎርማንሱን ያዝ። ለፒያኖና ለከበሮ ስታንዳርዱ ይሻላል።

የጣናው ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሌሊት ማውረድ እጀምራለሁ። ኪቦርዷ ሞድ ዊል የላትም እንጂ፤ አንድ መዞሪያ ብቻ ነው ያላት።

ጋሽ ተርሚናል፦
መዞሪያዋ ኮንትሮለር ቁጥር 1ን እንድትልክ አድርጋት። ሞድ ዊል ማለት እሱው ነው። ያም ካልሆነ አርዱር ላይ ከሚዲ ኖታው ሥር መስመሩን በማውስ ትስለዋለህ።

ደቂቅ ኮደር፦
ከጋሼ ጋር መከራከር ባልወድም፣ እኔ ወደ ሌላኛው ነኝ። የስፒትፋየር ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዲስከቨር በነፃ ነው የሚሰጠው። 33 መሣሪያ አለው። ዲስክ ላይ የሚይዘው 200 ሜጋባይት ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ዳታ ውድ ነው ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም ለንደን ውስጥ ማይዳ ቬል ስቱዲዮ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው የተቀዳው። ስለዚህ ቫዮሊኑና ሆርኑ ሲገናኙ አይጣሉም። ቨርቹዋል ፕሌይንግ ኦርኬስትራ ላይ ግን አንዱ በአስተጋባ አዳራሽ፣ ሌላው በደረቅ ክፍል የተቀዳ ነው። የአዮዋዎቹማ አብዛኞቹ ምንም ማሚቶ በሌለው ክፍል ነው የተቀዱት። ያንን ማስማማት ሥራ ነው።

ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠራም፣ እውነት ነው። ግን በዋይንና በያብሪጅ ይሠራል። ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ነው። ያብሪጅ የዊንዶውስ ፕለጊንን ለሊኑክስ ፕሮግራም እንደራሱ ፕለጊን አድርጎ የሚያቀርብ ድልድይ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ያብሪጅ 5.1.1ን ከዋይን 9.22 ወይም ከዚያ በላይ ካለው ጋር አታጋቡት። አንድ ቦታ ጠቅ ስታደርግ ሌላ ቦታ ነው የሚነካልህ። የዋይን ስቴጂንግ 9.21ን ጭናችሁ እንዳይታደስ ቆልፉት።

ኖታ ጸሐፊ፦
ደቂቅ፣ የማውረጃው ፕሮግራምስ? እኔ ጋ ዋይን ውስጥ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ደቂቅ ኮደር፦
አዎ፣ እሱ ቦታ ላይ ያስቸግራል። አንዳንድ ሰው ዊንዶውስ ባለው ማሽን ላይ በራሱ አካውንት አውርዶ ፎልደሩን ወደ ሊኑክሱ ያመጣዋል። ከዚያ ፕለጊኑ የት እንዳለ ሲጠይቅ ያሳየዋል።

ጋሽ ተርሚናል፦
ይኸው! ልጁ ያለው ኡቡንቱ ነው። ዋይን፣ ያብሪጅ፣ የተቆለፈ ስሪት፣ አካውንት፣ የሰው ማሽን። አንዱ ሲታደስ ሌላው ይፈርሳል። የቴአትሩ ቀን ሲደርስ ዋይን ሲጠግን እንዲያመሽ ነው?

ሌላም አለ። ቪኤስሲኦ 2 ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ዜሮ ነው የተለቀቀው። ባለቤቶቹ መብታቸውን ትተውታል። አንዱ የክበቡ ልጅ አውርዶ በፍላሽ ለአሥሩ ቢገለብጥ ማንም ምንም አይለውም። አዲስ ኤስኤፍዜድ ጽፎ፣ ክራሩን ጨምሮበት መልሶ ቢያከፋፍለውም ይችላል። ዲስከቨር ገንዘብ አይጠየቅበትም እንጂ የሚሰጠው ለየግለሰቡ አካውንት ነው፤ ገልብጠህ ማደል አይፈቀድልህም። አንድ ጊጋ ለማውረድ ሌሊት ለሚጠብቅ ሰው ይህ ከ200 ሜጋባይቱ ይበልጣል። እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ያውርድ ከተባለ የትኛው ነው የሚረክሰው?

ደቂቅ ኮደር፦
በፍላሹ ነገር ረትተውኛል ጋሼ 😄 ግን ድምፁ ላይ አልተረታሁም።

ባለክራሩ፦
ጋሽ ተርሚናል፣ ሶናቲናም እንደዚያው ነው እንዴ? ለሬዲዮ ማስታወቂያ ሙዚቃ ስለምሠራ ነው።

ጋሽ ተርሚናል፦
እሱ ይለያል። የሶናቲና ፈቃድ ሳምፕሊንግ ፕላስ 1.0 ይባላል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ራሱ በ2011 ከአገልግሎት አውጥቶታል፤ ቀድሞ የተለቀቀበት ሥራ ግን በዚያው ይገዛል። ሙዚቃህን ሠርተህ ሸጠህ መብላት አይከለክልም። ለማስታወቂያ መጠቀምን ግን የሚገድብ አንቀጽ አለው። ማስታወቂያ የምትሠራ ከሆነ ቪኤስሲኦ ላይ ብትቆይ ነው የሚሻልህ። ቨርቹዋል ፕሌይንግ ኦርኬስትራ ውስጥም የትኛው መሣሪያ ከየት እንደመጣ አብሮት የሚመጣው ሰነድ ላይ አለ። ሰው አያነበውም እንጂ።

ቪኤስሲኦን ከጊትሃብ ላይ በጊት የምታወርዱ ሰዎች፣ መሀል ላይ ከተቋረጠ ከቆመበት አይቀጥልም። ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ከተቻለ ኢንተርኔቱ ጥሩ የሆነ ቦታ ያለ ሰው ያውርድላችሁ።

የጣናው ልጅ፦
ወረደ! ስፊዝም ተጫነ። የመጀመሪያው ቫዮሊን ሲከፈት ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ከበፊቱ ጋር አይገናኝም። ግን ሁለት ችግር አለ።

አንደኛ፣ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ያመጣልኝ ሌላ የኤስኤፍዜድ የቪዮላ ፋይል አለ። ይከፈታል፣ ግን ዝም ነው። ምንም ስህተት አይልም። እሱ ጋ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ አራት አምስት ትራክ ሲሆን ድምፁ ይቆራረጣል። ጠቅ ጠቅ ይላል።

ጋሽ ተርሚናል፦
ዝም ያለው በፊደሉ ነው የሚሆነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ ካፒታልና ስሞል ሌተርን አይለይም። ሊኑክስ ይለያል። ስክሪፕቱ የፎልደሩን ስም በስሞል ጽፎት ፎልደሩ በካፒታል ከሆነ፣ ለሊኑክስ ሌላ ፎልደር ነው፤ አያገኘውም። ስፊዝ መስኮት ላይ ስንት ሳምፕል እንደተጫነ ይታያል። ዜሮ ካለህ ይኸው ነው። ኤስኤፍዜዱን በጽሑፍ ማረሚያ ክፈትና የፎልደሩን ስም በትክክል እንዳለው ተካው። አንድ «ፈልግና ተካ» ነው። ወደ ግራ የተገለበጠውን የዊንዶውስ ስላሽ ግን አትንካው፣ ስፊዝ ራሱ ይረዳዋል።

የጣናው ልጅ፦
እውነትም እሱ ነው! «ሳምፕልስ» የሚለው በካፒታል ነበር። ቪዮላው ተናገረ።

ደቂቅ ኮደር፦
ስለ መቆራረጡ ልመልስልህ። በፈር (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ አስልቶ የሚያወጣው የድምፅ ቁራጭ) መጠንህ ስንት ነው? በ48000 ኸርዝ 256 ፍሬም ማለት 5.3 ሚሊሰከንድ ነው። 1024 ማለት 21.3 ነው። በ256 ኮምፒውተሩ በየ5 ሚሊሰከንዱ ሁሉንም ድምፅ አስልቶ መጨረስ አለበት። ካልደረሰ ጠቅ ይላል። ስትጫወትና ስትቀዳ 256 አድርገው፣ ያኔ አንድ ወይም ሁለት መሣሪያ ብቻ ይከፈት። ስታቀናብርና ስትሚክስ 1024 ወይም 2048 አድርገው፤ ያኔ መዘግየቱ ማንንም አያስቸግርም።

ከዚያ ተጠቃሚህ ኦዲዮ ግሩፕ ውስጥ መኖሩን እይ። ለሪያልታይም ቅድሚያና ለሜሞሪ መቆለፍ ፈቃድ ከሌለህ አርዱር ሲከፈት ያስጠነቅቅሃል፤ ያንን መልእክት እንዳየህ አትዝጋው። የፕሮሰሰሩን የኃይል አሠራርም ከቁጠባ ወደ ሙሉ አቅም ቀይረው። ላፕቶፑ ከባትሪ ሲሠራ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጠቅታው የሚብሰውም ያኔ ነው።

ኖታ ጸሐፊ፦
የሪያልታይም ከርነል (ሥራን በሰዓቱ ለማድረስ የተስተካከለ የሊኑክስ እምብርት) አያስፈልገውም?

ደቂቅ ኮደር፦
ለዚህ ሥራ አያስፈልገውም። የሪያልታይሙ ኮድ ከ6.12 ጀምሮ ዋናው ከርነል ውስጥ ገብቷል፤ የ24.04 መነሻ ከርነል ግን 6.8 ነው። ኡቡንቱ ላይ ሎውሌተንሲ የሚባለው ከርነል በፓኬጅ አለ። እሱም ቢሆን መጨረሻ ላይ የሚሞከር ነው። መጀመሪያ በፈሩን ማስተካከል፣ ቀጥሎ ያለቀለትን ትራክ ወደ ድምፅ ፋይል መቀየር። ቼሎው አልቋል? ባውንስ አድርገህ ስፊዙን አጥፋው። በ8 ጊጋ ራም ሙሉ ኦርኬስትራ የሚሠራው እንደዚህ ነው።

ጋሽ ተርሚናል፦
ይህኛው ጥሩ ምክር ነው። ስፊዝ ላይ ፕሪሎድ ሳይዝ የሚል ቅንብርም አለ። ከእያንዳንዱ ሳምፕል መጀመሪያውን ብቻ ራም ላይ ይይዝና ቀሪውን ከዲስክ ያነባል። ኤስኤስዲ ስላለህ ዝቅ ብታደርገው ትችላለህ። ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው ግን ዝቅ አያድርግ።

ፓይፕዋየር (የሊኑክስ የድምፅ አስተዳዳሪ) ላይ ነህ እንግዲህ፣ 24.04 ስለሆነ። አርዱርን በጃክ (ለሙዚቃ ሥራ የተሠራ የድምፅ ሥርዓት) በኩል ስታስነሳው ፓይፕዋየር የጃክን ቦታ ይይዛል፤ ለዚህ ፓይፕዋየር ጃክ የሚባለው ፓኬጅ መኖር አለበት። ካስቸገረህ አርዱርን በቀጥታ በአልሳ (ከሳውንድ ካርዱ ጋር የሚያገናኘው የሊኑክስ ክፍል) ክፈተው። ያኔ ብሮውዘርህ ድምፅ ላያወጣ ይችላል፣ ሳውንድ ካርዱን አርዱር ስለሚይዘው። ለመቅጃ ሰዓት እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ቴሌግራም ጭው አይልብህም።

ኖታ ጸሐፊ፦
ማንም ሙዝስኮርን (የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም) አላነሳም። ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ለምን እንደ አርዱር ባለ ዲኤደብልዩ (የመቅጃና የማቀናበሪያ ፕሮግራም) ይሰቃያል? ሙዝስኮር 4 በዲሴምበር 2022 ሲወጣ ሙዝ ሳውንድስን (የራሱን የመሣሪያ ድምፆች) ይዞ ነው የመጣው። እሱም ነፃ ነው፣ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ፒያኖ (በለስላሳ) ወይም ፎርቴ (በጉልህ) ብለህ ኖታው ላይ ስትጽፍ፣ ክሬሸንዶ (ቀስ በቀስ መጉላት) ስትስል እንደዚያው ይጫወትልሃል። ሞድ ዊል ምናምን የለም።

ደቂቅ ኮደር፦
ሙዝ ሳውንድስ ከሙዝስኮር ውጭ አይሠራም። አርዱር ውስጥ አታስገባውም። የሚወርደውም በጊጋባይት ነው፤ በሙዝ ሳውንድስ ማናጀር በኩል።

ኖታ ጸሐፊ፦
አርዱር ውስጥ ማስገባት ለምን አስፈለገ? እያንዳንዱን ፓርት ለየብቻ በድምፅ ፋይል ያወጣልሃል። እነዚያን አርዱር ላይ ጣላቸው። ላፕቶፑም ያርፋል።

ባለቼሎዋ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ልጁን ከመንገድ አታስወጡት። እኔ ቼሎ ተጫዋች ነኝ፣ የምኖረው ጀርመን ነው። ሊኑክስ ላይ ስሠራ ቆይቻለሁ። ነፃ ላይብረሪ «ሰው ሠራሽ» የሚመስልበት ዋናው ምክንያት ላይብረሪው አይደለም፣ አጻጻፉ ነው። የጣናው ልጅ፣ የሠራኸውን ለጥፍልንና እንስማው።

የጣናው ልጅ፦
እሺ እህቴ፣ ይኸው ለጠፍኩት። አትሳቁብኝ።

ባለቼሎዋ፦
ሰማሁት። ዜማህ ያምራል። አሁን ግልጽ ልሁንልህ።

ቫዮሊኑን እንደ ኪቦርድ ነው የጻፍከው። በግራ እጅህ አራት ኖታ አንድ ላይ ይዘህ፣ በአንድ «የቫዮሊን ሴክሽን» ላይ። ያ ሴክሽን የብዙ ሰው ድምፅ ነው። አራት ኖታ ስትይዝ ቁጥሩ አራት እጥፍ ይሆናል። ወፍራምና ብዥ ያለው ለዚህ ነው። አንድ መስመር በአንድ ትራክ ጻፍ። አንደኛ ቫዮሊን፣ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ እያንዳንዱ የራሱ ዜማ ይኑረው። ለየብቻ ዘፍነህ ሞክረው። ለመዘፈን የማይመች መስመር ለቫዮሊንም አይመችም።

በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቫዮሊንህ ከሶል በታች ይወርዳል። የቫዮሊን የመጨረሻ ወፍራም ክር ሶል ናት፣ 196 ኸርዝ። ከዚያ በታች ቫዮሊን የለም። ላይብረሪው ዝቅ አድርጎ ስለሚዘረጋው ድምፅ ይሰጥሃል፣ ጆሮ ግን ውሸት መሆኑን ያውቃል። ያንን ለቪዮላ ስጠው። ቪዮላ እስከ ዶ፣ 131 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል። ቼሎ ከሱ አንድ ኦክታቭ በታች ነው።

ሞድ ዊሉን አንድ ቦታ አቁመኸዋል። የተጎተተ ኖታ ላይ ቀስት መቼም ዝም ብሎ አይሄድም። ጀምሮ ያብጣል፣ ወይም ይሳሳል። እያንዳንዱ ረጅም ኖታ ላይ መስመሩን ትንሽ አንቀሳቅሰው፤ ሐረጉ ሲያልቅ ቀንሰው፣ ተጫዋቹ ቀስቱን እንደሚመልስ አስብ። አራቱንም ትራክ አንድ ዓይነት መስመር አትስጣቸው። ቅዳና ለጥፍ ካደረግክ አራት ሰው መሆኑ ይቀራል።

ደግሞ ዘግይቷል። የቫዮሊን ሴክሽን ሳምፕል ድምፁ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ኖታው በምቱ ላይ ቢሆንም ጆሮ የሚሰማው ከምቱ በኋላ ነው። ረጃጅሞቹን ኖታዎች ከምቱ ቀድመው እንዲጀምሩ ሳባቸው፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ፣ በጆሮህ እየሰማህ። ፒዚካቶው (ክሩ በጣት የሚመታበት) ግን ወዲያው ስለሚነሳ አትንካው። ለዚህም ነው ፒዚካቶንና ረጅሙን ቀስት በተለያየ ትራክ ማስቀመጥ ያለብህ።

የመጨረሻው ሐሳቤ ስለ ትዝታ ነው፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። አንተ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ባለው ዜማ ሥር ፋ እና ሲ ያለባቸው አኮርዶች ደርድረሃል። ዜማው ትዝታነቱን ያጣል። ቼሎው ዶ እና ሶልን ይዞ ይቆይ፣ ቪዮላው ከቅኝቱ ኖታዎች ሳይወጣ ይንቀሳቀስ። ባዶ ይመስልሃል፣ ግን ቦታ ያስፈልገዋል፤ ክራርህ መሀል ላይ አለ እኮ።

ጎራ በል፦
ይህን ያህል ሥራ ከሆነ ቫዮሊን ተጫዋች መቅጠር አይቀልም?

ባለቼሎዋ፦
@ጎራ በል ገንዘቡ ካለ ቅጠር፣ እኛ ደስ ይለናል። እንዲያውም ግማሹ ልክ ነው። አንድ እውነተኛ ሰው ከሳምፕሉ ላይ ሲደረብ ጆሮ የሚከተለው እሱን ነው። የሳምፕሉ ኦርኬስትራ ከኋላው ይጠፋል። አንድ ቫዮሊን ተጫዋች በስልክም ቢሆን ቀድቶ ይላክልህ። ወይም ማሲንቆ! ማሲንቆውን ከላይ አስቀምጥ፣ ቫዮሊኖቹ ከሥር ይያዙ። የማሲንቆን ማንሸራተት የትኛውም ነፃ ላይብረሪ ውስጥ አታገኘውም፣ በእጅ ካልተጫወትክ።

የጣናው ልጅ፦
ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ አለኝ። ለምን አላሰብኩትም!

ባለክራሩ፦
እዚህ ጋ ልግባ። ማሲንቆ ከገባ የቅኝት ጉዳይ ይነሳል። ትዝታ ላይ ከፒያኖ ልኬት ጋር ያለው ልዩነት ያን ያህል አይሰማኝም። አንቺሆዬ ከሆነ ግን ይወጋል። የክራሩ ጣት ሌላ፣ የቫዮሊኑ ሳምፕል ሌላ። እኔ ከቴል አቪቭ ነኝ፤ እዚህ ለሠርግ ስሠራ በዚህ ተሰቃይቻለሁ።

ስፊዝ ላይ መፍትሔ አለ። የስካላ ፋይል ያነባል። ስካላ የቅኝት ልኬትን በሴንት (የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ) የሚጽፍ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። የራስህን ጻፍና ስፊዝ ላይ ክፈተው፤ መነሻ ቁልፉን በቅኝቱ መነሻ ላይ አድርገው። ሁሉም ትራክ ላይ ያንኑ ፋይል ከከፈትክ ኦርኬስትራው በሙሉ በዚያ ቅኝት ይጫወታል። ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ሶፍትዌር ላይ ይህን ያጣሁበት ጊዜ አለ።

ልኬቱን ግን ከኢንተርኔት አትውሰድ። የአንዱ ክራር ከሌላው ይለያል። የጓደኛህን ማሲንቆ ቅዳ፣ የኤክስ42 ቱነር ፕለጊንን አርዱር ላይ ክፈትና እያንዳንዱ ድምፅ ከፒያኖው በስንት ሴንት እንደሚርቅ አንብብ። እሱን ነው የምትጽፈው።

ኖታ ጸሐፊ፦
አሁን ስቱዲዮ ውስጥ ብዙው ሰው ክራሩን ራሱ በፒያኖ ቃኝቶ አይደል እንዴ የሚቀዳው? ለምን ኦርኬስትራው ይጎንበስ?

ባለክራሩ፦
ይቃኛል። እኔም ለማስታወቂያ ስሠራ እንደዚያ ነው የማደርገው። ለቴአትር ግን፣ መድረክ ላይ በአካል የሚጫወት ማሲንቆ ካለ፣ እሱ አይጎነበስም። ሳምፕሉ ነው የሚታዘዘው፤ ጽሑፍ ፋይል ነው እኮ።

ጋሽ ተርሚናል፦
ስካላው ከከበደህ ኤስኤፍዜዱ ውስጥም በየቁልፉ «ቲዩን» ብለህ ሴንቱን መጻፍ ትችላለህ። አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ለማረም ይቀላል። ዋናውን ፋይል ሳትነካ በቅጂው ላይ ሥራ።

የጣናው ልጅ፦
አዲሱን ለጠፍኩ። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ጻፍኩት። ቫዮሊኑን ከሶል በላይ አወጣሁት። ማሲንቆው በስልክ የተቀዳ ነው። ቅኝቱን አልነካሁትም፣ ባለክራሩ እንዳለው በትዝታ ላይ ብዙም አልተጣላም። ሪቨርብ (የአዳራሽ ማሚቶ የሚጨምር ፕለጊን) ምን ልጠቀም? አሁን ማሲንቆው ሳሎን ውስጥ፣ ቫዮሊኑ ካቴድራል ውስጥ ነው።

ባለቼሎዋ፦
ኦ፣ ይህ ሌላ ሥራ ነው! 1 ደቂቃ ከ20 ላይ ቪዮላው ማሲንቆውን የሚመልስበት ቦታ በጣም ደስ ይላል።

ደቂቅ ኮደር፦
ድራጎንፍላይ ሪቨርብ፣ የሆል ዓይነቱ። ነፃ ነው፣ አርዱር ላይ ይከፈታል። በየትራኩ አታስገባው። አንድ ባስ (ብዙ ትራክ የሚላክበት የጋራ መስመር) ክፈትና ድራጎንፍላይን እዚያ አስቀምጠው፣ ከየትራኩ በሴንድ ላክለት። ማሲንቆው ደረቅ ስለሆነ ብዙ ላክ። ከሶናቲና የመጡት መሣሪያዎች በሳምፕሉ ውስጥ የአዳራሽ ድምፅ አላቸው፤ እነሱን ጥቂት ላክ። ከቪኤስሲኦ የመጡት መሀል ላይ ናቸው። ሁሉም ጥቂትም ቢሆን በአንድ ሪቨርብ ሲያልፉ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። እኔ ቅድም ስለ ማይዳ ቬል የተከራከርኩበትን ግማሹን በዚህ ትፈታዋለህ። ግማሹን ብቻ ግን!

የጣናው ልጅ፦
ሆርኑ ላይ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ኖታውን ስለቀው ድምፁ እንደ ተቆረጠ ነው የሚቆመው፣ ከቫዮሊኑ ጋር ሲሆን ይታወቃል። ሪቨርቡም አልሸፈነውም።

ጋሽ ተርሚናል፦
ኤስኤፍዜዱን ክፈትና «አምፕኢጂ ሪሊስ» የሚለውን መስመር ፈልግ። አጠገቡ ያለው ቁጥር በሰከንድ ነው። 0.3 ገደማ ከሆነ ወደ 0.7 አምጣውና ስማው። መስመሩ ከሌለ ከላይ ግሎባል ወይም ግሩፕ በሚለው ሥር ጨምረው። አስቀምጠህ ፋይሉን ስፊዝ ላይ እንደገና ጫነው። ብዙ ካረዘምከው ደግሞ ኖታዎቹ ይደራረባሉ፣ ፈጣን ዜማ ላይ ይጨማለቃል። ያንተ ሆርን ረጃጅም ኖታ ስለሆነ ይሸከማል።

የጣናው ልጅ፦
0.8 ላይ ተስማማኝ። የክበቡ ልጆች ፎልደሩን በፍላሽ ስጠን ብለውኛል፤ ቨርቹዋል ፕሌይንግ ኦርኬስትራውን ከነሰነዱ ነው የምሰጠው ወይስ ቪኤስሲኦውን ብቻ?

ጋሽ ተርሚናል፦
ከነሰነዱ፣ ሳትቆራርጥ። የፈቃድ ፋይሎቹ አብረው ይሂዱ። ፍላሽህ ፋት32 ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ዚፕ አይቀበልም፤ ፎልደሩን ፈትተህ ገልብጥ።